አዋሳኙ ሁሉ ደን፦ በይፋት ተረተርና ቆላ የተሽከርካሪ መውጫ መግቢያ ጥያቄ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ጠባብ ሊመስል ይችላል። የአንድ ገበሬ ይዞታ ዙሪያውን በመንግሥት ወይም በማኅበረሰብ ደን ተከቦ ቢገኝ፣ ባለይዞታው ወደ ቤቱና ወደ ማሳው በተሽከርካሪ የመግባትና የመውጣት መብት አለውን? ካለውስ ልኩ የት ድረስ ነው? በሕግ ትምህርት ክፍል ይህ የንብረት ሕግ አንድ ንኡስ ርእስ ነው፤ በደን ሳይንስ ክፍል ደግሞ ስለ መንገድ ተጽዕኖ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ በፍጥነት ይታለፋል። በሸዋ ሮቢት ቆሞ ወደ ምዕራብ ተረተሩን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ግን የወላድ፣ የእህልና የውኃ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ክፍሎች ዛሬ በአንድ አዳራሽ ማግኘቴ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ስለ አንድ መንገድ ሲጽፉ አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ የሚያነቡት ከስንት አንድ ጊዜ ነውና።

ከመልክዓ ምድሩ ልጀምር። ከደብረ ብርሃን የተነሣው የደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ገብቶ በማዶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ በመጨረሻም ሸዋ ሮቢት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሙቀት በአንድ ቁልቁለት እንወርዳለን። ገብስና ባቄላ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይተካሉ። የዛሬው ንግግሬ ቦታ ደጋውንና ቆላውን የሚያያይዘው ይህ ገደላማ ተረተርና ከሥሩ የተዘረጋው ቆላ ነው።

በተረተሩ ላይ፣ በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በባሶና ወራና ወረዳዎች የሚዋሰን የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። ከላይ አስታና ጅብራ፣ ዝቅ ሲል ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት፣ ጭላዳና ጉሬዛ የሚኖሩበት ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጨጫን ተራራ ጽድ ባስተከሉ ጊዜ ዘሩ ከዚህ እንደ ተወሰደ በትውፊት ይነገራል፤ የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ ሲተረክ የሚጀመረውም ከዚያ ነው። ከዚሁ ተረተር የሚወርዱት ወንዞች፣ ሮቢና ጀውሃን ጨምሮ፣ ወደ አዋሽ ያቀናሉ። የሸዋ ሮቢት የመስኖ ማሳ በበጋ የሚጠጣው፣ ላይ ያለው ዳገት በክረምት የዋጠውን ውኃ ነው። በመሆኑም በደኑ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ የሚቀደድ መንገድ፣ ያን ቤተሰብ ፈጽሞ በማያውቁት የቆላ ገበሬዎች ውኃ ላይ ይደርሳል።

በደን የተከበበ ይዞታ እንዴት ይፈጠራል? የተለመደው መልስ ገበሬው ወደ ደኑ ገባ የሚል ነው። ይህ በርግጥ ይሆናል፤ ደኑ ጠርዙ እንደ ሞሰብ ክብ አይደለም፤ እርሻው ወደ ውስጥ፣ ዛፉ ወደ ውጭ እየገቡና እየወጡ ነው የኖሩት። ሁለተኛው መንገድ ግን ብዙም አይነገርለትም፤ ይኸውም ደኑ ወደ ገበሬው ሲመጣ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው በተካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ፣ በአማራ ክልል ብዙ የተራቆቱ ኮረብታዎች ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልለዋል። ክለላው መልካም ሥራ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግራሩና የቁጥቋጦው ማንሠራራት በዓይን ይታያል። ነገር ግን ትናንት የወል ግጦሽ በነበረ ኮረብታ ላይ እየተሻገረ ወደ ማሳው ይደርስ የነበረ ሰው፣ ኮረብታው በተከለለ ማግስት ማሳው ደሴት ይሆንበታል። እርሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው። «ማን ቀደመ?» የሚለውን ጥያቄ ለፍትሕ መለኪያ የምናደርግ ከሆነ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፍርድ ልንሰጣቸው አንችልም።

እዚህ ላይ ከታሪክ አንድ ይዞታ ላንሣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን ሰጡ። የልዑኩ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ የገባ የአእዋፍ ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሌት ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ። በደናማው ተረተር ላይ ለውጭ አገር ሰው በንጉሥ የተሰጠ ይዞታ መሆኑ ነው። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚስበኝ አንድ ነገር ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ የደረሰው በግመል፣ በበቅሎና በሰው ሸክም ነበር፤ በቦታው ላይ ለመተላለፊያ የተለየ መብት መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በቅሎ ለምታልፍበት መንገድ መብት የሚጠይቅ አልነበረምና።

ልማዱ ይህ ነው። በአገራችን የእግረኛና የጭነት ከብት መንገድ ከማንም ባለርስት ፈቃድ በላይ ሆኖ ኖሯል። እህል ከተነሣ በኋላ በሰው ማሳ ማለፍ ነውር አልነበረም፤ አህያ የጫነን ሰው ከመንገድ መመለስ ግን ነውር ነበር። ልማዱ ሳይጻፍ የቆየው፣ የሚያልፈው ነገር ትንሽ ስለሆነ ነው። አህያ የምትሄድበት መንገድ ስፋቱ የአህያዋ ነው፤ የጫነችው የአንድ ቤት ነው፤ ነጂዋም በስሙ የሚታወቅ ሰው ነው።

ሞተር እነዚህን ሦስቱንም ይለውጣል። ስፋቱ ዛፍ ያስቆርጣል፤ ክብደቱ አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተከፈተው መንገድ የሚመጣው ሰው መንገዱ የተከፈተለት ሰው ብቻ አይሆንም። ለአንድ ቤተሰብ እህል ማውጫ የተሠራ መንገድ ለአይሱዙ ይበቃል፤ ለአይሱዙ የበቃ መንገድ ደግሞ ለአጠና፣ ለጣውላና ለከሰል ይበቃል። በደኑ ጠርዝ የሚኖር ሰው መጥረቢያ ይዞ በቀን የሚቆርጠው በሸክም ልክ ነው፤ በሌሊት መብራቱን አጥፍቶ የሚገባ መኪና የሚያወጣው ግን ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

የተረተሩ ጠባይ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። በዚህ ዳገት ላይ ጎኑ የተቆረጠ መንገድ፣ የውኃ መውረጃው በደንብ ካልተሠራለት፣ የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ራሱ ወንዝ ይሆናል፤ በሁለተኛው ክረምት ቦረቦር ነው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው ሰፊ የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው እንዳፈናቀለ የምታስታውሱ አላችሁ። ያን አደጋ መንገድ አመጣው አልልም፤ የተረተሩ አለትና አፈር ራሱ ለመንሸራተት የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቁፋሮ የሚጀምር ሰው ግን ምን ላይ እንደ ቆመ ማወቅ አለበት። ለዚህም ነው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ብቻ የተጻፈ ወረቀት ተደርጎ መታየቱ የሚያሳዝነኝ። በእኔ ግምት በወፍ ዋሻ ላይ ትልቁ ጉዳት ከአንድ ትልቅ መንገድ ይልቅ ማንም ከማይገመግማቸው ከብዙ ትናንሽ መንገዶች ሊመጣ ይችላል።

እስካሁን የተናገርሁት ለደኑ ጠበቃ ነው። አሁን ለባለይዞታው ልናገር።

ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክማ አስፋልት የምትደርሰው በሰዓታት ነው። አምቡላንስ በየወረዳው ከተመደበ ወዲህ የብዙ እናቶች ሕይወት የሚወሰነው መኪናው የት ድረስ ሊመጣ ይችላል በሚለው ነገር ሆኗል። የሽንኩርት ወይም የማሾ ነጋዴም እንደዚሁ ነው፤ መኪናው የማይደርስበትን ምርት ዋጋ ሰብሮ ይገዛል፣ ወይም ጭራሽ አይገዛም። ተሽከርካሪ የማይገባበት ማሳ የሚዘራው ከገበያው ያነሰ ነው፤ ለልጅ የሚወረሰውም እንዲሁ ያነሰ ነገር ነው።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር፤ ብዙም ሠርቷል። ይሁን እንጂ የፕሮግራሙ መለኪያ ቀበሌ ነው። በደን የተከበበ መንደር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎጥ ወይም የጎጥ ቁራጭ ነው። ቀበሌው መንገድ ካገኘ፣ በሪፖርቱ ላይ ጎጡም አግኝቷል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እነዚህ ቤቶች በመንገድ ዕቅድ ውስጥ አይታዩም፤ በደን ዕቅድ ውስጥ ደግሞ የሚታዩት እንደ ሥጋት ብቻ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ረቂቅ የፈረንሳዊው ሊቅ የሬኔ ዳቪድ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 682 መሠረት፣ መሬቱ በሌሎች መሬት ተከቦ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ ያጣ ወይም በቂ መውጫ የሌለው ባለቤት፣ ጉዳቱን ክሶ በጎረቤቶቹ መሬት ላይ መተላለፊያ መጠየቅ ይችላል፤ ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ መተላለፊያው በመርሕ ደረጃ አጭሩን መስመር እንዲከተል፣ ነገር ግን የሚተላለፉበትን መሬት በትንሹ በሚጎዳው በኩል እንዲሆን ያዝዛል። «በቂ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። መውጫ ያለው ሰው ሁሉ በቂ መውጫ አለው ማለት አይደለም፤ የዚያ አገር ፍርድ ቤቶች እግረኛ የሚያልፍበት መንገድ ለዘመኑ እርሻ በቂ ነው ወይ እያሉ የተከራከሩት በዚች ቃል ላይ ነው። የእኛም ሕግ ስለ ንብረት አገልግሎት የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ነገር ግን ያ ሕግ ሲጻፍ በፊቱ የነበሩት ሁለት ባለርስቶች ናቸው፤ አንዱ መንገድ ጠያቂ፣ ሌላው ሰጪ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ በኋላም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከተባለ ወዲህ፣ ሁለቱ ባለርስቶች የሉም። ጠያቂው ባለይዞታ ነው፤ ተጠያቂው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ የሁለቱም መሬት ባለቤት ነው። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ ከጎረቤታሞች ክርክርነት ወጥቶ የአስተዳደር ፈቃድ ጉዳይ ይሆናል፤ መብት የነበረው ነገር ልመና ይሆናል። ለ19 ዓመታት የተሠራበት የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የመስኖ ቦይ ወይም ሌላ የመሠረተ ልማት ሥራ በይዞታው ላይ ማለፍ ሲያስፈልገው ባለይዞታው የመተባበር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የመንግሥት ደን በባለይዞታው መንገድ ላይ ሲቆምስ? በዚያ አዋጅ ተመጣጣኝ ግዴታ በዚያው ግልጽነት ተጽፎ አናገኝም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ በአሮጌው ዘመን የተሰጡት ደብተሮች ግን ዛሬም በየገበሬው ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ደብተሩን አንሥተን እንየው። የመጀመሪያው ዙር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኙን በስም ይመዘግባል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ። «መንገድ» የሚለው ቃል አዋሳኝ ሆኖ ሲጻፍ ባለይዞታው መውጫ እንዳለው ያረጋግጣል። አሁን በአራቱም አቅጣጫ «ደን» ተብሎ የተጻፈበትን ደብተር አስቡ። ደብተሩ ስለ ስፋቱ ሳይሳሳት፣ ስለ ባለይዞታው ስም ሳይሳሳት፣ ሰውየው እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ግን ዝም ይላል። መብቱን የሚያረጋግጠው ወረቀት ራሱ የተከበበ መሆኑን ይመሰክርበታል።

የደን ሕጎቻችንም የሚናገሩት በአመዛኙ ስለ እጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 542/1999 በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥን፣ መስፈርን፣ ከብት ማሰማራትን፣ መጋዝና ሌላ የመቁረጫ መሣሪያ ይዞ መገኘትን ከልክሎ ነበር። ከገበያ መጥረቢያ ገዝቶ በደኑ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ በዚህ ቃል ፊት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በ2010 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን በማለት የባለቤትነት ዓይነቶችን በመለየቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ይህ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ የመተላለፊያው ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብ ስለሚለይልን ነው፤ በተራሮቹ ላይ የተከለለው ኮረብታ የማኅበረሰብ ከሆነ፣ ጠያቂውም ሰጪውም በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልውሰዳችሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ ወጣ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተሠሩት ሥራዎች ሁለቱ ለኛ ትምህርት ናቸው። አንደኛው በፓርኩ ውስጥ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈው መንገድ ትራፊኩ ወደ ውጭ እንዲዞር ተለዋጭ መንገድ መሥራት ነው። ሁለተኛው በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማንሣት ነው፤ 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ። ግጭ ከሳንቃበር በእግር የሚደረስበት መንደር ነበር። ሌላው ሁሉ ሲሻሻል መንደሩ የበቅሎ መንገዱን እንደ ያዘ ቆየ፤ በመጨረሻ በዚያው መንገድ ሕዝቡ ወጣ። ዝውውሩ በፈቃድ ነው ተብሏል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ በተሽከርካሪ የማይደረስበት ሰው «መሄድ ትፈልጋለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ፣ የሕግ ተማሪዎች ብትመረምሩት የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳ እንዲከፈል አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይደነግጋል። ለተነፈገ መንገድ የሚከፈል ካሳ ግን የለም፤ ስሙ ማፈናቀል ስላልሆነ።

ተቃራኒውን አደጋ ለማየት ደግሞ ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ይህ ጥያቄ በሰፊው የተከራከሩበት አገር እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር አካባቢዎች ሕግ በዱሩ ውስጥ የግል መሬት ላለው ሰው ከሁለት አንዱን ይሰጠዋል፤ በቂ መተላለፊያ ወይም በዋጋ የሚመጣጠን ሌላ የመንግሥት መሬት በልዋጭ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአላስካ መሬቶች ሕግ ደግሞ በብሔራዊ ደን ውስጥ መሬት ያለው ሰው በመሬቱ በአግባቡ ለመጠቀም የሚያስችለው መተላለፊያ እንዲሰጠው ያዝዛል። የአላስካ የተባለው ይህ አንቀጽ በመላ አገሪቱ እንደሚሠራ ፍርድ ቤት የወሰነው፣ በሞንታና የበርሊንግተን ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ ግንድ ለማውጣት መንገድ በጠየቀበት ጉዳይ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1981 ነበር። እንግዲህ አነስተኛውን ባለይዞታ ከመከበብ የሚያድን የሚመስል ቃል፣ ለግንድ ጫኝ ተሽከርካሪ በር ሆነ። በ1964ቱ ሕግ ውስጥ ሌላም መለኪያ አለ፤ ለአንዳንድ ይዞታዎች የሚፈቀደው ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ባሉ ሌሎች ይዞታዎች በልማድ የሚሠራበት የመተላለፊያ ዓይነት ነው። ይህን መለኪያ ወደ ይፋት ብናመጣው የአያቱ በቅሎ ለልጅ ልጁ ፍርድ ይሆንበታል፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ በበቅሎ ስለሚሄዱ እርሱም ለዘላለም በበቅሎ ይሂድ ማለት ነው። ስለዚህ ልማድን ለማስረጃነት እቀበለዋለሁ፤ ለጣሪያነት ግን አልቀበለውም።

የሚሻለውን ሐሳብ ያገኘሁት ከውጭ ሳይሆን ከዚሁ ተረተር አናት፣ ከመንዝ ነው። የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደ ኖረ ይታወቃል። አጽመ ርስት የነበራቸው ሰዎች በመረጧቸው ኃላፊዎች አማካይነት ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በታወጀ ቀን ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ይታጨዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም፣ ማኅበረሰቡ ኋላ በኮሚቴ መልሶ አቋቁሞታል፤ የክልሉም ሕግ አውቆለታል። የጓሳ ሰዎች ያወቁት ቁም ነገር መብት በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ሊከፈል መቻሉን ነው።

ለመንገድም ይህን ማድረግ እንችላለን። በደን የተከበበ ይዞታ የተሽከርካሪ መተላለፊያ ቢፈቀድለት፣ መተላለፊያው ዓመቱን ሙሉ ለማንም የተከፈተ ጎዳና መሆን የለበትም። የመኸር ሰሞን ምርቱ እስኪወጣ ይከፈት፤ ክረምት ሲገባ፣ አፈሩ ሲርስ፣ ይዘጋ። ስፋቱ ባጃጅ ወይም ባለ ሦስት እግር ጭነት ተሽከርካሪ የሚያሳልፍ እንጂ ለከባድ መኪና የማይበቃ ይሁን፤ ምርቱ ከደኑ ጠርዝ ላይ ወደ አይሱዙ ይዛወር። ይህ ለገበሬው ተጨማሪ ማውረድና መጫን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በምላሹ ግን ግንድ ሊጭን የሚመጣውን መኪና በአዋጅ ሳይሆን በስፋት ያግደዋል። በጽሑፍ የታገደ መኪና ሌሊት ይገባል፤ ሁለት ድንጋይ መካከል የማያልፍ መኪና ግን ቀንም ሌሊትም አይገባም። ለታማሚና ለወላድ ደግሞ ቀጠሮ የለም፤ በማንኛውም ወርና ሰዓት ክፍት መሆን ይገባዋል፤ ይህን ከሌላው ጋር አንድ ላይ መደራደርም አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ በቃል ስምምነት ከቀረ ግን ሹም በተለወጠ ቁጥር ይፈርሳል። በሁለተኛው ዙር ምዝገባ ማሳዎች በካርታ እየተሳሉ ነው። መተላለፊያው በዚያ ካርታ ላይ በመስመር ይሣል፤ መስመሩ የሚከፈትበት ወቅትና የሚያሳልፈው ተሽከርካሪ ዓይነት በይዞታው መዝገብ ይጻፍ። ያን ጊዜ ባለይዞታው የሚለምነው ነገር አይኖርም፤ የደን ጠባቂውም «ከላይ የመጣ ትእዛዝ አለ ወይ?» እያለ አይጨነቅም።

የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱን ላንሣ። የመጀመሪያው ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ነው። ለጥበቃው ሠራተኛ ከሰጠነው ጉቦ ይከተላል፤ ለቀበሌው ከሰጠነው ዝምድና ይከተላል። ለዚህ ንጹሕ መልስ የለኝም። በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጀ የተጠቃሚዎች ማኅበር ባለበት ቦታ ቁልፉ በማኅበሩና በባለይዞታው በጋራ ቢያዝ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም መንገዱ ሌሊት ሲከፈት የማኅበሩ አባላት የሚያጡት የራሳቸውን ድርሻ ነው። ማኅበር በሌለበት ቦታ ግን ቁልፍ ከመስጠት በፊት ማኅበሩን ማቋቋም ይቀድማል።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። በአማራ ክልል የተሻሻለው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዞታን ማከራየት ይፈቅዳል። ዛሬ ለአንድ ገበሬ ማሾ ማውጫ የተፈቀደ መተላለፊያ ነገ ማሳውን የተከራየ ባለሀብት ሎጅ ሊያስገነባበት ወይም ባሕር ዛፍ ሊነግድበት ቢፈልግ ምን ይሆናል? የወፍ ዋሻንና የአንኮበርን ገጽታ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሐሳብ ከሩቅ የመጣ እንዳልሆነ ይገነዘባል። በንብረት አገልግሎት ሕግ አስተምህሮ፣ ተጠቃሚው ይዞታ በአገልጋዩ ላይ ያለውን ሸክም በራሱ ሥልጣን ማክበድ አይችልም የሚል የቆየ መርሕ አለ። እኔ የምከተለው ይህን ነው፤ መተላለፊያው የተሰጠው ለመሬቱ አሁን ላለው አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱ ሲለወጥ መተላለፊያው አብሮ አያድግም፤ አዲስ ጥያቄ ይቀርባል፤ ያ ጥያቄ በአዋጅ 299/1995 መሠረት ይገመገማል፤ ወጪውንም ጠያቂው ይሸፍናል። የሚያርሰው ልጁ ትራክተር ቢከራይ ግን እርሻ ነውና አገልግሎቱ አልተለወጠም፤ እዚያ ላይ ክርክሩ ስለ ስፋትና ስለ ወቅት ብቻ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ለምሳሌ ገበሬው ራሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ማሳደር ቢጀምር፣ መስመሩ የት እንደሚሰመር ገና አልጠራልኝም፤ በውይይቱ ላይ ከእናንተ ለመስማት የምፈልገውም ይህን ነው።